ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እውነት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ካርቶኑ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር አለ፣ ሰው ቁጥሩን አምኖ ይገዛል፣ ዕቃው ቤት ሲገባ ግን ያን ያህል አይሠራም። ሁልጊዜ ሻጩ አታላይ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚለካው ነገርና እኛ የምንፈልገው ነገር ስለሚለያይ ነው። እኔ ዕቃ መፍታት፣ መለካትና ማወዳደር የምወድ ሰው ነኝ፤ ሱቅ የለኝም፣ የማንንም ዕቃ አልሸጥም። ስለዚህ የማስበውን በቀጥታ እነግራችኋለሁ፤ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት በዚህ በጎንደራችን የትኛው እንደሚያዋጣ።

ጥያቄ፦ የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድብን 30,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚል ፓወር ባንክ ፒያሳ ገዛሁ። የስልኬ ባትሪ 5,000 ነው። ስድስት ጊዜ ይሞላልኛል ብዬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ሳይደርስ ያልቃል። ተሸወድኩ ወይስ ስልኬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ስልክህ ምንም አልሆነም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው፣ አንዴ ካወቅኸው ሁለተኛ ማንም አይጫወትብህም። 30,000 የሚለው ቁጥር የተለካው በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልት ነው፤ እሱም 3.7 ቮልት ነው። 30,000ን በ3.7 አባዛና ለ1,000 አካፍለው፤ 111 ዋት ሰዓት ይመጣል። ትክክለኛው የጉልበት መጠን ይሄ ነው። በገመዱ የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት ስለሆነ ፓወር ባንኩ ቮልቱን ከፍ ማድረግ አለበት፣ ከፍ ሲያደርግ ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ትንሽ በለጥ ያለውን በሙቀት ያባክናል፣ ስልክህም ሲሞላ እንዲሁ የራሱን ያባክናል። ሁለቱም ሲግሉ በእጅህ ይሰማሃል አይደል? ያ ሙቀት ገንዘብ የከፈልክበት ጉልበት ነው። ይሄ ሁሉ ተቀንሶ፣ እውነተኛ 30,000 የሆነ ፓወር ባንክ ያንተን ስልክ አራት ጊዜ ገደማ መሙላት አለበት። ስድስት ጊዜ የሚሞላ የለም፤ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው አይሞላም። ያንተ ግን ሁለት ተኩል እንኳን አይደርስም። ውስጡ ያለው ወደ 16,000 ቢሆን ነው። አዎ፣ ግማሹን ያህል ተሸውደሃል።

ለሚቀጥለው ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብብ። ሐቀኛ አምራች ከትልቁ ቁጥር በታች በ5 ቮልት የሚወጣውን መጠን ለብቻው ይጽፋል፤ 20,000 በሚለው ላይ ብዙውን ጊዜ 12,000 ወይም 13,000 አካባቢ ታገኛለህ። ይህን ያልጻፈ ዕቃ እኔ አልገዛም። ሁለተኛ፣ መዝነው! ብዙ ፓወር ባንክ ውስጥ የሚገባው ክብ ባትሪ አንዱ ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል፣ ጥሩው ደግሞ ከ3,500 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ 30,000 ለመሙላት ቢያንስ ዘጠኝ ያስፈልጋል፣ ባትሪው ብቻ ከ400 ግራም ያልፋል፣ ከነሽፋኑ ወደ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በእጅህ ስታነሳው እንደ ባዶ ሳጥን ቀለል ካለህ ቁጥሩ ውሸት ነው። ቅመም የሚመዝን ሰው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ምንም አያሳፍርም።

ሌላም አለ። በአውሮፕላን አዲስ አበባ የምትሄድ ከሆነ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። እውነተኛ 30,000 ደግሞ 111 ነው። አዘዞ አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ጥለኸው ከምትሄድ 20,000 ይበቃሃል። ሲሞላ ደግሞ ትራስህ ሥር አታድርገው፤ ሊትየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ሆዱ ካበጠ አትጫነው፣ አትብሳው፣ መጠቀምህን እዚያው አቁም።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ሁለት ስልክ መርጬ መወሰን አቃተኝ። አንዱ ራም 16 ጂቢ፣ ካሜራ 108 ሜጋ ፒክስል ይላል። ሌላው ራም 6 ጂቢ፣ ካሜራ 50 ይላል። ዋጋቸው ያው ነው። እህቴ "ትልቁን ቁጥር ውሰጂ፣ ምን ያስጨንቅሻል" ትለኛለች። አንተስ?

መልስ፦ እህትሽን አክብሬ፣ እኔ ትልቁን አልወስድም። ቢያንስ ሳላጣራ አልወስድም።

16 የሚለውን ካርቶን ቀረብ አድርገሽ እዪው። አጠገቡ በትንሹ 8+8 የሚል ታገኛለሽ። እውነተኛው ራም (ስልኩ በሥራ ላይ እያለ የሚጠቀምበት ፈጣን ማስታወሻ) ስምንቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ስምንት ከማከማቻው ላይ የተበደረ ነው። ማከማቻ ደግሞ ከራም በጣም የዘገመ ነው። ሲበዛ ከኋላ የተከፈቱ መተግበሪያዎች ቶሎ እንዳይዘጉ ትንሽ ይረዳል እንጂ ስልኩን አያፈጥነውም። የካሜራውም ነገር እንዲሁ ነው። 108 ሜጋ ፒክስል ያለው ካሜራ በተለመደው አሠራሩ ዘጠኝ ነጥቦችን አንድ አድርጎ 12 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ነው የሚያስቀምጥልሽ፣ 50 የሚለውም አራቱን አንድ አድርጎ ወደ 12 ያወርደዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ እጅሽ የሚገባው ፎቶ መጠኑ እኩል ነው! ልዩነቱን የሚያመጡት የሌንሱ ጥራት፣ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ስፋትና ፎቶውን የሚያሰናዳው ሶፍትዌር ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ካርቶን ላይ በትልቁ አይጻፉም። ከጎኑ የሚደረደሩትን 2 ሜጋ ፒክስል የሆኑ ተጨማሪ ካሜራዎች ከነጭራሹ አትቁጠሪያቸው።

እኔ የማየው ሌላ ነው። መጀመሪያ፣ ስልኩን ሳትገዢ ጠጋኙ ጋ ሂጂ። አዎ፣ ሳትገዢ። አራዳ ይሁን ፒያሳ የምታምኚውን ጥገና ቤት "የዚህ ስልክ ስክሪን አለህ ወይ? ስንት ነው? ባትሪውስ?" ብለሽ ጠይቂ። "እሱን ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብኝ" ካለሽ፣ ስልኩ የወደቀ ቀን ያለ ስልክ እንደምትቀሪ አስቢ። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የያዘው ሞዴል የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፤ መለዋወጫው አይጠፋም።

ቀጥሎ፣ ስንት ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደሚያገኝ እዪ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ ላለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ስልኩ ሲያረጅ የደኅንነት ቀዳዳው አይደፈንም፣ ቆይቶም መተግበሪያው ራሱ አልከፈትም ይላል። ድሮ ረጅም ማሻሻያ የውድ ስልክ ብቻ ነበር። አሁን ሳምሰንግ ውድ ላልሆነው ጋላክሲ ኤ16 እንኳን የ6 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። በዚያው ዋጋ 2 ዓመት ብቻ ከሚሰጥሽ ጋር አወዳድሪው።

ሦስተኛ፣ ስልኩን ይዘሽ ከሱቁ በር ላይ ውጪና ፀሐይ ላይ ስክሪኑን እዪ። የኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያማረ ስክሪን ውጭ ጥቁር መስታወት ሊሆንብሽ ይችላል። በመጨረሻ *#06# ደውለሽ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ካልተመሳሰለ ብሩን አትስጪ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ኤርፎን ከጆሮው አይነቅልም። ገመድ አልባውን ግዢልኝ እያለ ነው። ልግዛለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከገዛሽለት ባለ ገመዱን ግዢለት። በርካሹ ገመድ አልባ ውስጥ ያለችው ባትሪ ጥቃቅን ናት፣ በየቀኑ እየተሞላች ሁለት ሦስት ዓመት ብትቆይ ነው፣ ከዚያ የሚቀይርልሽ የለም፣ ይጣላል። ባለ ገመዱ ቻርጅ አይፈልግም፣ ድምፁም በዚያው ዋጋ ይሻላል። የስልኩ ቀዳዳ ክብ ነው ወይስ የቻርጀሩ ዓይነት፣ እሱን አይተሽ ግዢ። ከዕቃው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ድምፁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለልጅ ደግሞ በ75 ዴሲቤል ያንኑ ያህል ሰዓት ነው ገደብ ያስቀመጠው። ጮክ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጣሪያ የሚባል አለ፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስድሳ በመቶ ላይ አድርጉት። ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥመውን የጎማ ጫፍ ምረጡለት፤ የውጭ ጫጫታ ካልገባ ልጁ ራሱ ድምፅ አይጨምርም። የጠፋ መስማት አይመለስም፣ በዚህ ላይ ጠንከር በይ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በአጭር ሞገድ ዜና እሰማለሁ። ልጆቼ ቤቱን ሲያድሱልኝ አምፖሉን ሁሉ በአዲሱ ነጭ አምፖል ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኑ ማታ ማታ ያንጫርርብኛል። የሚደንቀኝ፣ መብራት የሄደ ማታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጆቼ "ሬዲዮኑ አርጅቷል፣ በስልክ ስማ" ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ ልጄ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሬዲዮኑን እንዳይጥሉት። መልሱን ራስዎ ጽፈውታል፦ መብራት ሲሄድ የሚጠራ ሬዲዮ ጤነኛ ሬዲዮ ነው። ችግሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው። ደግሞ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው፣ እና ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይፍቀዱልኝ።

አዲሱ ኤልኢዲ አምፖል 220 ቮልቱን እንዳለ አይጠቀምበትም። ውስጡ ትንሽ ሰርኪዩት አለች፤ እሷ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆረጠችና እየቀጠለች ወደ ዝቅተኛ ቮልት ትለውጠዋለች። ይህ መቁረጥና መቀጠል የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል። ጥሩ አምፖል ውስጥ ይህን የሚያጣሩ ዕቃዎች አሉ፤ ርካሹ ላይ ሳንቲም ለመቆጠብ ይተዋሉ። ያልተጣራው ጩኸት በግድግዳው ሽቦ ይሄድና ሽቦው ራሱ እንደ አንቴና ሆኖ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። የአጭር ሞገድ ጣቢያ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚመጣ ደካማ ድምፅ ነው፤ አምፖሉ ደግሞ ራስዎ ላይ ነው ያለው። የስልክ ቻርጀርም፣ የቴሌቪዥን ሪሲቨርም፣ የሬዲዮኑ የራሱ አዳፕተርም እንዲሁ ያደርጋሉ። የድሮው ክር ያለው አምፖል ይህ ጣጣ አልነበረበትም፣ ለዚህ ነው ድሮ ያልሰሙት።

ጥፋተኛውን ለማግኘት እንዲህ ያድርጉ። ሬዲዮኑን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ድንጋይ ያብሩት። ማታ አንድ መካከለኛ የሚሰማ ጣቢያ ላይ ያቁሙት። ከዚያ አንዱን ልጅ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ያጥፋው ይበሉት። ጩኸቱ ከቆመ ጥፋቱ ከቤትዎ ነው፤ ካልቆመ ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ከቤት ከሆነ አንድ በአንድ እያበሩ ያዳምጡ፣ መጀመሪያ አምፖሎቹን፣ ቀጥሎ ሶኬት ላይ የተሰካውን ሁሉ። አንዱ ሲበራ ጩኸቱ ዘሎ ይመጣል፤ ያንን ይያዙት። ብዙ ጊዜ ሁሉም አይደሉም፣ አንድ ወይም ሁለት አምፖል ነው ቤቱን የሚበጠብጠው፣ እሱን ብቻ በተሻለ መቀየር ይበቃል። ስልክ ሳይሰካበት ሶኬት ላይ የሚከርም ቻርጀርም ቢነቀል ይሻላል።

ቀጥሎ ቦታውን ይቀይሩለት። የቆርቆሮ ጣሪያና በብረት የተሠራ ግድግዳ ሞገዱን ይከለክላሉ። ከግድግዳ ሽቦ አንድ ሁለት ሜትር አርቀው መስኮት ዳር ያስቀምጡት። ከዚያም ካልበቃ፣ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር የሚሆን ልባስ ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይግዙ፣ ጫፉን ልጠው የሬዲዮኑ አንቴና ላይ ይጠምጥሙት፣ ሌላውን ጫፍ በመስኮት አውጥተው ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ ያስሩት። አደራ፣ ከመብራት መስመር አጠገብ እንዳይሆን፣ በላዩም እንዳያልፍ። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ሽቦውን ነቅለው ወደ ውጭ ይጣሉት፤ የጎንደር መብረቅ ቀልድ እንደማያውቅ ከኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቃሉ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቀን ቀን ከፍ ያለው ሞገድ፣ ማለትም የሜትር ቁጥሩ አነስ ያለው ነው የሚመጣው፦ 13፣ 16፣ 19 ሜትር የሚለው። ማታ 31፣ 41፣ 49 ሜትር ይሻላል። ቀን ላይ ፀሐይ ከሰማይ በታችኛው ክፍል የምትፈጥረው ንጣፍ ዝቅተኛውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ስትጠልቅ ንጣፉ ይጠፋል፣ ሞገዱም ከላይኛው ንጣፍ እየነጠረ ሩቅ ይጓዛል። አንድ ጣቢያ በብዙ ሜትር የሚያስተላልፈው ለዚህ ነው፤ አንዱ ካልጠራ ሌላውን ይሞክሩ። የዶቼ ቬለ አማርኛ ክፍል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ሲጀምር የተሰማው በዚሁ በአጭር ሞገድ ነው፣ ያኔ ኢንተርኔት የሚባል አልነበረም፣ ሰው የሰማው እርስዎ በያዙት ዓይነት ሬዲዮ ነው።

ለልጆችዎ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፦ ስልክ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ዳታ ይበላል፣ ቻርጅ ይፈልጋል። ሬዲዮ በድንጋይ ባትሪ ብዙ ቀን ይሄዳል። አዲስ ልግዛልህ ካሉ ቴክሰን የሚባለውን ፒኤል 380 ወይም ፒኤል 330 ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣላቸው። 380ው በሦስት ትንንሽ ድንጋይ ነው የሚሠራው። 330ው የሚወስደው ቢኤል 5ሲ የምትባለውን የድሮ የኖኪያ ባትሪ ነው፤ እሷን ደግሞ የትም ሞባይል ቤት ያገኟታል። አንድ ዕቃ ስመርጥ ይሄ ነው የሚያስደስተኝ፣ ባትሪው ሲሞት ዕቃው አብሮት የማይሞት።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ አይፎን ሊያመጣልኝ ነው። ያገለገለ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ሳይነሳ አጣራ ብለህ ላክለት፣ ከደረሰ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። አንደኛ፣ አሜሪካ የሚሸጠው አይፎን ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ካርድ በሌለው ሲም ብቻ ነው የሚሠራው። 13ና ከዚያ በታች ያለው ቀዳዳ አለው። አጎትህ 14 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ፣ አስቀድመህ የቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ሄደህ ቁጥርህን ወደ ኢሲም ስለመቀየር ጨርሰህ ጠይቅ። ሁለተኛ፣ በአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ያልተቆለፈ ይሁን። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ገብቶ ካሪየር ሎክ የሚለው ፊት ለፊት "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ማለት አለበት። ሌላ ነገር ካለ ይተወው። ሦስተኛ፣ የድሮው ባለቤት አካውንት ወጥቶ፣ ፋይንድ ማይ የሚለው የጠፋ ስልክ መፈለጊያ ተዘግቶ ይሁን፤ ያለዚያ ስልኩ እጅህ ላይ ድንጋይ ነው፣ ማንም ጠጋኝ በሐቅ አይከፍትልህም።

የባትሪውንም ጤንነት በመቶኛ ያሳያል፤ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ብር አብረህ አስብ። ቻርጀሩ ችግር የለውም፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የሚያስፈልገው የመሰኪያ መለወጫ ብቻ ነው። እግረ መንገዴን ግን፣ አጎትህ ለእናትህ የጁስ መፍጫ ወይም የፀጉር መተኮሻ ላምጣ ካለ ጀርባው ላይ ያለውን ያንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ በደቂቃ ይቃጠላል። በየቤቱ እንዲህ የተቃጠለ ስጦታ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል፣ ሰው በስንት ፍቅር ተሸክሞት መጥቶ።

ጥያቄ፦ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛው ዳር ሆኜ ስቀርጽ ውኃ ሲረጭ ስልኬ ከእጄ አምልጦ ገባ። ወዲያው አወጣሁት። ጓደኞቼ ሩዝ ውስጥ ክተተው አሉኝ፣ እናቴ ጤፍ ይሻላል አለች። ጤፍ ውስጥ አድሮ በራልኝ፤ አሁን ግን ድምፅ ማጉያው ይንተባተባል። ለመጪው ጥምቀትም ምን ልያዝ?

መልስ፦ እናትህን ሰላም በልልኝ፣ ግን ጤፉም ሩዙም አይሠራም። እህል ከስልክ ውስጥ ውኃ አይስብም፤ ክፍት አየር ላይ ካደረው ብዙም አይለይም። አፕል ራሱ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ተጠቃሚዎቹን ሩዝ ውስጥ አታስገቡ ብሏል። ጤፍ ደግሞ ይባስ ብሎ ደቃቅ ነው፣ የድምፅ ማጉያው ቀዳዳና የቻርጀሩ ማስገቢያ ውስጥ ይወተፋል። ያንተ መንተባተብ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ ጋ ወስደህ ከፍቶ በአልኮል ያጽዳልህ፣ ቶሎ። ያ ውኃ ከቀሃ ወንዝ የመጣ ነው፣ ጭቃም ማዕድንም አለው፤ ውኃው ቢደርቅ እንኳን የተረፈው ቆሻሻ ውስጥ ያለውን ብረት ቀስ እያለ ይበላዋል። ዛሬ የሚሠራ ስልክ ከወር በኋላ የሚሞተው በዚህ ነው።

ውኃ ውስጥ የገባ ስልክ ወዲያው ይጥፋ። ቻርጅ አይደረግ፣ ሲሙ ይውጣ፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ ወደ ታች ይሁን፣ ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረግ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ይቀመጥ። ፀጉር ማድረቂያ አይሆንም። አይፒ68 የሚል፣ ማለትም ውኃና አቧራ ይቋቋማል የተባለ ቢሆንም አትመካበት፤ ፈተናው በንጹሕ ውኃ፣ በአዲስ ስልክ ነው የሚደረገው፣ አንዴ ወድቆ ወይም ተከፍቶ የተጠገነ ስልክ ማሸጊያው እንደ ድሮው አይደለም። ለመጪው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ውኃ የማያስገባ ፕላስቲክ ቦርሳ ያዝ። ውስጡ ለስላሳ ወረቀት ከተህ ባልዲ ውስጥ ሞክረው፤ ወረቀቱ ደረቅ ከወጣ ስልኩን አስገባ።

ጥያቄ፦ አያቴ መሰንቆ ይመታል። አርጅቷል፣ ድምፁን ሳይደክም መቅዳት እፈልጋለሁ። ስልክ አለኝ፣ ግን ሰው ሁሉ ጥሩ ማይክ ግዢ ይለኛል። ገንዘቤ ብዙ አይደለም። ደግሞ 1 ቴራ ባይት የሚል ሚሞሪ በጣም በርካሽ አግኝቻለሁ፣ እሱን ልግዛና ሁሉንም እዚያ ላስቀምጥ?

መልስ፦ ሚሞሪውን አትግዢ! ከሌላው ሁሉ በፊት ይሄን ያዢልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለመቅዳት ስልክሽ ይበቃል፤ ማይክ እስክትገዢ አትጠብቂ። ለውጥ የሚያመጣው ቦታውና አቀማመጡ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ምረጪ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጋቢ ስቀዪበት። ዝናብ በማይኖርበት ሰዓት፣ ፍሪጁን ነቅለሽ። ስልኩን እጅሽ ላይ አትያዢው፤ ወንበር ላይ የታጠፈ ጨርቅ አንጥፈሽ፣ ከአያትሽ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ርቀት፣ በአፉና በመሰንቆው ሆድ መካከል ባለው ከፍታ አድርጊው። በረራ ሁነታ ላይ ይሁን፣ ስልክ ተደውሎ እንዳይቆርጠው። የስልኩ የራሱ መቅጃ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ መሰንቆውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያፍነው ይችላል፤ ስለዚህ ዋቭ በሚባለው ፎርማት የሚቀዳ ነፃ መተግበሪያ ጫኚ፣ ጫጫታ መቀነሻ የሚል ካለ አጥፊው። 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጊ፣ ድምፅ ማሳያው ቀዩን እንዳይነካ መጀመሪያ ጮክ ያለውን ክፍል አስመትተሽ ሞክሪ። በዚህ መንገድ በአንድ መስመር የተቀዳ አንድ ሰዓት 350 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም።

ሌላ ልለምንሽ። እያንዳንዱን ከመጀመሩ በፊት ራሱ በአንደበቱ ይናገር፤ ዜማው ምን እንደሚባል፣ ከማን እንደተማረው፣ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ። ይህ ካልተቀዳ በኋላ ማንም አይነግርሽም። በጎንደር ዙሪያ፣ እነ ቡርቧክስን ጨምሮ፣ በአዝማሪዎች ቤት ያለው ዕውቀት አብዛኛው በቃል የሚሄድ ነው። ገንዘብ ከተረፈሽ ልብስ ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ ትንሽ ማይክ ግዢ፣ ለንግግሩ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ አሁን አያስፈልግሽም።

አሁን ሚሞሪው። በጣም ርካሽ የሆነ 1 ቴራ ባይት ውስጡ 32 ወይም 64 ጂቢ ብቻ ሊሆን ይችላል። አጭበርባሪው ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ቀይሮ ለስልክሽ "1 ቴራ ነኝ" እንዲል ያደርገዋል። ስትገለብጪበት ምንም ስህተት አያሳይም፣ ስሙም መጠኑም ይታያል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የድሮው ላይ ይጽፋል ወይም ዝም ብሎ ይጥለዋል። የምታውቂው ለመስማት ስትከፍቺው ነው። ለዚህ ሥራ 64 ወይም 128 ጂቢ የታወቀ ሠሪ ያለው፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ግዢና ኮምፒውተር ላይ ፈትኚው። በዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ ስሪ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካርዱን እስከ ጢሙ ሞልተው የጻፉትን መልሰው ያነባሉ። ሰዓታት ይወስዳል፣ ተዪው ይሥራ። ካለፈ በኋላ ቅጂው ሦስት ቦታ ይሁን፦ አንዱ ካርዱ ላይ፣ አንዱ የወንድምሽ ወይም የእህትሽ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ በዋይ ፋይ ስታገኚ። ሦስቱንም ከፍተሽ እስክትሰሚ ድረስ ከስልክሽ ላይ አንዱንም አታጥፊ።